የነዳጅ ግፊት መለኪያ በአሮጌ ኮሮላ ላይ፦ የአምስት ወር ፍተሻ

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ በ3,200 ብር የገዛሁትን የነዳጅ ግፊት መለኪያ ላለፉት አምስት ወራት በራሴና በሁለት ጎረቤቶቼ መኪኖች ላይ ስሠራበት ቆይቻለሁ። ዕቃው የሚታወቅበት ስም የለውም። ቀይ የፕላስቲክ ሳጥኑ ሲከፈት ከ0 እስከ 100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) የሚያነብ ባለ መርፌ ጌጅ፣ አንድ የጎማ ቱቦ፣ ግፊት ማስተንፈሻ ቁልፍና ከሃያ የሚበልጡ የብረት መገናኛዎች ተደርድረው ይታያሉ። ተመሳሳዩ ሳጥን በየመለዋወጫ ሱቁ በተለያየ ቀለም ስለሚሸጥ፣ እዚህ የምጽፈው ከአንድ ሱቅ ስለተገዛ አንድ ዕቃ ቢሆንም ሌላውም ገዢ የሚያገኘው ይህንኑ ወይም የዚህን ወንድም ነው ብዬ እገምታለሁ።

መኪናዬ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1995 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው 1.6 ሊትር ባለ ኢንጀክተር፣ ማለትም ቤንዚኑ በግፊት የሚረጭለት፣ ሞተር ተገጥሞባታል። ችግሯ የጀመረው ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው ዳገት ላይ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ምንም አይታይባትም። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳች በኋላ ግን፣ በተለይ ቤንዚኑ ከሩብ በታች ሲወርድ፣ በሁለተኛ ማርሽ ፔዳሉን አጥብቄ ስረግጥ ጉልበቷ ይከዳታል፤ እግሬን ሳነሳ ጥቂት ትመለሳለች፣ መልሼ ስረግጥ እንደገና ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሁለት ጊዜ ጨርሳ ቆማ ከኋላዬ የተሰለፉት ሚኒባሶች ጡሩንባ እስኪሰለቸኝ ድረስ አስጠብቃኛለች፤ ከአሥር ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ተነስታ ሄዳለች።

የወሰድኳት ጋራዥ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቀበላት። መጀመሪያ አራቱን ካንዴላ፣ ቀጥሎ የነዳጅ ፊልትሮውን፣ በመጨረሻም በታንኩ ውስጥ ያለውን ፓምፕ ቀየሩ። ሙከራው ሁልጊዜ የሚደረገው ጠዋት፣ በሜዳማ መንገድና ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለነበር መኪናዋ ተሠርታ ትወጣለች፤ በማግስቱ ዳገቱ ላይ ያው ችግር ይጠብቀኛል። ለፓምፑ የቀረበልኝ ማስረጃ አሁንም ያስቀኛል። ልጁ ቁልፉን አዙሮ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ጆሮውን አስጠግቶ፣ «ጋሼ፣ ይኸው ስሙት፣ ድምፅ የለውም። ፓምፑ አልቆለታል» አለኝ። እኔም ሰማሁ፤ በእርግጥም ድምፅ አልነበረውም፤ ከፈልኩ።

በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ግን ፓምፑ ቁልፍ ስለተከፈተ ብቻ አይዞርም። ኮምፒዩተሩ ሞተሩ እየዞረ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ካላገኘ ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ሪሌ አይገናኝም፤ ይህም መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢቆም ፓምፑ ቤንዚን መግፋቱን እንዳይቀጥል የተደረገ ጥንቃቄ ነው። ፓምፑን ሞተሩ ሳይነሳ መስማት የፈለገ ኮፈኑን ከፍቶ «ዲያግኖሲስ» የሚል ክዳን ያላትን ትንሽ ጥቁር ሳጥን ይፈልግ፤ በውስጧ ኤፍፒ እና ፕላስ ቢ ተብለው የተጻፉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ሲከፍት ፓምፑ ይነሳል። ጋራዡ ይህን የሁለት ደቂቃ ሙከራ አድርጎት ቢሆን ኖሮ የድሮው ፓምፕ እንደሚዞር በሰማን ነበር። ክሩስኮት ላይ ያለው የሞተር መብራትም ሆነ ኮምፒዩተር ማስነበብ በዚህ አልረዳኝም፤ በእኔ መኪና ላይ የነዳጅን ግፊት ለኮምፒዩተሩ የሚነግር ሴንሰር የለምና። ግፊቱን ማወቅ የሚቻለው ለክቶ ብቻ ነው፤ ሳጥኑን የገዛሁትም ለዚሁ ነው።

ከመግጠሜ በፊት ጌጁን ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ወሰድኩት፤ ዋጋው ርካሽ የሆነ መለኪያ መጀመሪያ ራሱ መለካት አለበት ብዬ ስለማምን ነው። ከኮምፕሬሰሩ ጋር በጎማ ቱቦና በፋሼታ አያያዝንና ከእሱ መለኪያ ጋር እያስተያየን በ20፣ በ30 እና በ40 ፒኤስአይ ላይ አነበብን። የእኔው በሦስቱም ቦታ በ2 ይበልጣል። ለዚህ ዋጋ የሚያስከፋ ስሕተት አይደለም፤ ዋናው ነገር ስሕተቱ አንድ ወጥ መሆኑ ነው፤ በእያንዳንዱ ንባብ ላይ 2 መቀነስ ማንም አያቅተውም። የከፋው ሌላ ነገር ነበር። ጎሚስታው እንደ ልማዱ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ሲቀባቸው ከማስተንፈሻው ቁልፍ ሥር ትናንሽ አረፋዎች እየተከታተሉ ወጡ፤ ግፊቱ 40 ላይ ተዘግቶ ሲቀመጥ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወደ 31 ወረደ። በዚህ ላይ ከታች እመለሳለሁ፤ ይህን ሳያውቅ መኪናው ላይ የሚገጥም ሰው መለኪያው ራሱ የሚያንጠባጥበውን በኢንጀክተሮቹ ላይ ያሳብባልና።

አገጣጠሙ በዚህ ሞተር ላይ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የፓምፑን ሶኬት ነቅዬ ሞተሩን አስነሳሁትና በቱቦው ውስጥ ያለውን ቤንዚን ጨርሶ እንዲጠፋ ተውኩት፤ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ይህን ሳያደርጉ ቡሎኑን የሚፈቱ መካኒኮች አይቻለሁ፤ በትኩስ ሞተር ላይ የሚረጨው ቤንዚን ከምን እንደሚያደርስ መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ፊልትሮው ላይ ያለውን ባለ ቀዳዳ ቡሎን ሳወጣ በሳጥኑ ውስጥ ካሉት መገናኛዎች አንዱ ልክ ገጠመ። ከሳጥኑ ጋር የመጡትን ሮንዴላዎች ግን አልተጠቀምኩባቸውም፤ ቀጫጭንና ጠርዛቸው ያልተስተካከለ ስለሆነ አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ገዛሁ። ከሃያ ከሚበልጡት መገናኛዎች በአምስት ወር ውስጥ የተጠቀምኩት በሦስቱ ብቻ ነው። አብዛኞቹ የተሠሩት ነዳጁ መስመር ላይ የመለኪያ ቫልቭ ተበጅቶላቸው ለሚወጡ የአሜሪካ መኪኖች ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ሳጥን ከመሙላት ያለፈ ጥቅም የላቸውም።

ቶዮታ በጥገና መጽሐፉ ለዚህ ሞተር ያወጣው ልክ፣ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ፔዳሉ ሳይረገጥ፣ እየሠራ የነዳጁን ግፊት በልኩ ከሚይዘው ሬጉሌተር ላይ የሞተሩን የመሳብ ኃይል (ቫኪዩም) የሚያደርሰው ቱቦ ሲነቀል ከ38 እስከ 44፣ ቱቦው ሲመለስ ደግሞ ከ30 እስከ 37 ፒኤስአይ ነው። እኔ የማስተካከያውን 2 ቀንሼ ያገኘሁት 38 እና 32 ነበር። ሁለቱም በልኩ ውስጥ ናቸው፤ ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 6 ብቻ መሆኑ ለጊዜው አሳስቦኝ ነበር፤ ከመጽሐፉ ልክ የሚወጣው ልዩነት ከ7 እስከ 8 ነውና። ምክንያቱ ያለው በመኪናዋ ሳይሆን በከተማችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ በሚኒሞ የሚፈጠረው ቫኪዩም በዚያው መጠን ይቀንሳል፣ ሬጉሌተሩም የሚጎትተው ኃይል ስለሚያንስ ግፊቱን የሚያወርደው በጥቂቱ ነው። የመጽሐፉን ቁጥር እንዳለ ይዞ ልዩነቱ አንሷል ብሎ ሬጉሌተር የሚያስቀይር ሰው ጤነኛ ዕቃ ጥሎ ጤነኛ ዕቃ ይገዛል።

በሚኒሞ የሚነበበው ቁጥር ጥሩ ሆኖ መኪናዋ ዳገት ላይ የምትከዳው፣ ቆማ በምትሠራበት ጊዜ ሞተሩ የሚፈልገው ቤንዚን እጅግ ጥቂት ስለሆነና ደካማ ፓምፕ እንኳ ይህን ሞልቶ ትርፉን በመመለሻው ቱቦ ወደ ታንኩ ስለሚልክ ነው። ድካሙ የሚጋለጠው ሞተሩ ሲጫን ነው። ስለዚህ ጌጁን የፊት መስተዋቱ ላይ ከውጭ በፕላስተር ለጥፌ በዳገቱ ላይ ማየት ፈለግሁ፤ እዚህ ላይ ነው ሳጥኑ ክፉኛ ያሳዘነኝ። ቱቦው ከፊልትሮው ተነስቶ በኮፈኑ የኋላ ጠርዝ በኩል እስከ መስተዋቱ አይደርስም። ለኢንጀክተር መስመር የተፈቀደ፣ ግፊት የሚችል ቱቦ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ለየብቻ መግዛት ግድ ሆነ፤ ሱቁ መጀመሪያ የሰጠኝ ተራ የካርቡራተር ቱቦ ነበር፣ መለስኩት። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ መኪናው እየሄደ መለካት ዋናው አገልግሎት መሆኑን ያላሰበ ይመስላል።

ታናሽ ወንድሜ እየነዳ እኔ አነበብኩ። ከስድስት ኪሎ ስንነሳ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ መርፌው 40 ላይ ነበር። በዳገቱ መካከል ወደ 36፣ ቀጥሎ ወደ 31 ወረደ፤ መኪናዋ ትንፋሽ ሲያጥራት ጌጁ 27 ያሳይ ነበር። የመርፌው አወራረድ ቀስ ያለና የማይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንደ ማቀጣጠያ ብልሽት ድንገት የሚቆራረጥ ነገር አልነበረውም። ለሳምንታት በካንዴላና በፓምፕ ስንዋልል የነበርነው ሰዎች ሁላችንም አጠገቡ ብንቀመጥ ክርክሩ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር፦ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ በበቂ አይደርስም።

ለምን እንደማይደርስ ግን ጌጁ አይናገርም፤ ገዢዎች ከሁሉ በላይ ሊያውቁት የሚገባ ጉድለቱም ይህ ነው። አቅጣጫ የሚሰጥ አንድ ሙከራ አለ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ መመለሻው የጎማ ቱቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ በፒንሳ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ሲቆነጠጥ፣ ጤነኛ ፓምፕ ግፊቱን ወዲያው ከ60 በላይ ይወረውረዋል። የእኔ እየተጎተተ 48 ደርሶ ቆመ። ሬጉሌተሩ ነጻ ወጣ፤ የቀሩት ተጠርጣሪዎች ፓምፑ፣ የታንኩ ውስጥ ማጥለያ፣ ፊልትሮውና ለፓምፑ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ናቸው። ፓምፑና ፊልትሮው አዲስ ነበሩ፤ ማጥለያው ከፓምፑ ጋር ተቀይሯል።

የቀረውን በቴስተር ለካሁት። ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት እያለ በፓምፑ ሶኬት ሁለት ሽቦዎች መካከል የሚደርሰው 9.7 ብቻ ነበር። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በፓምፑ ኔጌቲቭ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን በተጠረገ የመኪናዋ አካል ላይ ሳደርግ 2.6 ቮልት አነበበ፤ ዜሮ ሊሆን ሲገባው ማለት ነው። ምንጣፉን ገልጬ ሽቦውን ስከታተለው ማሳው (ኔጌቲቩ ሽቦ) ከመኪናዋ አካል ጋር በታሰረበት ቡሎን ሥር አረንጓዴ ዝገት ይዞ፣ የሽቦው ፕላስቲክ ከሙቀት የተነሳ ጠቁሮ አገኘሁት። መጋጠሚያው ሲግል እንቅፋትነቱ ይጨምራል፣ ፓምፑም በዚያው መጠን ይደክማል፤ በታንኩ ያለው ቤንዚን ሲያንስ ደግሞ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ነገር ስለሚቀንስ ድካሙ ይብሳል። የግማሽ ሰዓቱና የሩብ ታንኩ ምሥጢር ይህ ነበር።

በብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጌ፣ አዲስ ጫፍ አስሬ፣ ቅባት ቀብቼ ስመልሰው ፓምፑ ላይ 12.2 ቮልት ደረሰ። መመለሻውን ስቆነጥጥ መርፌው 70ን አለፈ፤ ዳገቱ ላይ ከእግር እስከ ራስ 42 ላይ ተቸክሎ ወጣ። ከዚያ በጋራዡ ተነቅሎ የተመለሰልኝን የድሮ ፓምፕ ከነማጥለያው መልሼ ገጠምኩት፦ ያው 42። አሁንም እሱ ነው እየሠራ ያለው፤ «አዲሱ» በጨርቅ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጧል።

ስለሚያንጠባጥበው ቁልፍ ልመለስ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግፊቱ ለአምስት ደቂቃ ከ21 ፒኤስአይ በላይ መቆየት አለበት፤ ካልቆየ ጠዋት ወይም ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ ብዙ ካልተዞረ በስተቀር አይነሳም። ወዲያው እንደጠፋ መመለሻውን ቆንጥጦ ግፊቱ ከቆመ ጥፋቱ የሬጉሌተሩ ነው፣ መምጫውን ቆንጥጦ ከቆመ በፓምፑ ውስጥ ያለው የማይመልሰው ቫልቭ ነው፣ በሁለቱም ካልቆመ አንድ ኢንጀክተር እያፈሰሰ ነው። ከዕቃው የሚጠበቀው ጠቃሚ ምርመራ ይኸው ሲሆን፣ ከሳጥኑ እንደወጣ ሊሠራበት ግን አይችልም፤ ራሱ ያፈሳልና። የማስተንፈሻውን ቁልፍ ፈትቼ የውስጡን ክብ ላስቲክ ቤንዚን በሚችል ዓይነት ከቀየርኩ በኋላ በጎሚስታው ኮምፕሬሰር 40 ላይ ለግማሽ ሰዓት ሳይነቃነቅ ቆየ። ከጎረቤቶቼ በአንዱ መኪና ላይ የሚያፈስ ኢንጀክተር ያገኘነው ከዚህ ጥገና በኋላ ነው።

ጌጁ የማይለካው ሌላ ነገር መጠን ነው። ግፊቱ ደህና ሆኖ የሚያልፈው ቤንዚን ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለማወቅ መመለሻውን ቱቦ ወደ ጀሪካን አዙሮ ፓምፑን ከላይ ባልኩት አጭር ሽቦ ማስነሳትና በግማሽ ደቂቃ ግማሽ ሊትር ያህል መውጣቱን ማየት ያስፈልጋል። ወደ አዋሽና ድሬዳዋ ለሚወርዱ ሰዎች ይህ ከቀልድ የሚቆጠር አይደለም። በቆላ አየሩ ስለሚወፍር ሞተሩ ከአዲስ አበባው የበለጠ ቤንዚን ይፈልጋል፣ ሙቀቱም ይጨመርበታል፤ እዚህ ከተማ ውስጥ የሚበቃ ፓምፕ እዚያ ላይበቃ ይችላል።

ባለ ካርቡራተሩ የድሮ ኮሮላ፣ ዲኤክስ የሚባለው፣ ያለው ሰው ይህን ሳጥን አይግዛ። የካርቡራተር ሞተር ሜካኒካል ፓምፕ የሚሰጠው ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ አካባቢ ስለሆነ በ100 ሰሌዳ ላይ መርፌው ከመነሻው መላቀቁ እንኳ ያጠራጥራል፤ ከካርቡራተሩ ላይ ቱቦውን ነቅሎ በጠርሙስ ውስጥ ሲረጭ ማየት የበለጠ ይነግረዋል። ለናፍጣ መኪናም አይሆንም። ቪትዝ ላይ ሞክረነው ነበር፤ ሬጉሌተሩ በታንኩ ውስጥ ስለሆነ መመለሻ ቱቦ የለውም፣ ልኩም ከፍ ያለ ነው፣ ከ44 እስከ 50፤ የፕላስቲክ ማያያዣውን የሚገጥም ቁራጭ ግን በሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። የጎረቤቴን ቱቦ ከመቁረጥ ተውኩት።

የሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ ሦስት ነገር ይመልከት፦ መርፌው ዜሮ ላይ መቀመጡን፣ የቱቦው ጫፍ በብረት ተጨምቆ የታሰረ እንጂ በተራ ፋሼታ የተያዘ አለመሆኑን፣ ከመገናኛዎቹም ለመኪናው ቡሎን የሚሆነው ጥርሱ ሳይበላ መኖሩን። ባለሱቁ ለመሞከር ፈቃደኛ ካልሆነ፣ እኔ እንዳደረግሁት ወደ ቤት ይዞ ከመሄድ ይልቅ በቅርብ ወዳለ ጎሚስታ ጎራ ብሎ አረፋውን ማየት ይሻላል፤ ሻጩ ማግስቱን አይለውጥም፣ ለእኔም አልለወጠልኝም።